በየማታው የሚታሰር ጫማ

ሉማሜ፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ገባ ያለ ቤት። ወጡ ገና ከምድጃ አልወረደም። እናቲቱ የሁለት ዓመት ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጫማ ታጠልቅለታለች። የመሄጃ ጫማ አይደለም፤ ግራና ቀኙ በአንድ የብረት ዘንግ ጫፍና ጫፍ ተገጥመዋል፣ አፍንጫቸውም ወደ ውጭ ዞሯል።

እጇን አየሁት። መጀመሪያ ካልሲውን እጥፋቱ እስኪጠፋ ወደ ላይ ትስባለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆዳ ላይ የተጫነች አንዲት እጥፋት ጠዋት ቁስል ናትና። ቀጥላ ጉልበቱን አጠፍ አድርጋ ተረከዙን ወደ ታች ትገፋለች። ከጫማው ኋላ ቀዳዳ አለች፤ በእሷ አጮልቃ ተረከዙ በደንብ መቀመጡን ታያለች። ካልተቀመጠ ፈትታ ትጀምራለች። ያን ማታ ሁለቴ ፈታች። "ና የኔ ጌታ፣ እንደገና" አለችው፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። ከዚያ ማሰሪያው፤ ጥብቅ ነው፣ ጣቶቹን ግን አያገረጣም። ዘንጉን በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ጠቅልላዋለች፤ አጠገቡ የሚተኛውን ወንድሙን ሌሊት እንዳይመታው።

ልጁ ሲወለድ ቀኝ እግሩ ቆልማማ ነበር። ውስጥ እግሩ ወደ ላይ ዞሮ፣ ተረከዙ ተሰቅሎ ነው የመጣው። ከአንድ ሺህ ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ጎረቤት ስለ እርግማን አንሾካሸከ፤ አያቱ ወጌሻ ይየው አሉ። ወጌሻ ስብራትና ውልቃት ያውቃል። ይህ እግር ግን አልተሰበረም፣ አልወለቀም፤ ጅማቱ አጥሮና ተኮማትሮ የዞረ ነው።

የእንዲህ ዓይነቱን እግር ማቃኛ ዘዴ የቀመረው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ይባላል፤ በ1914 እ.ኤ.አ. በስፔን ሜኖርካ ደሴት የተወለደ የሰዓት ሠሪ ልጅ። አሜሪካ፣ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሠራ፣ በቀዶ ሕክምና የተስተካከለ እግር ውሎ አድሮ ግትርና ሕመም የማይለየው እንደሚሆን አየ። ቢላውን ወደ ጎን አድርጎ ወደ ጣቶቹ ተመለሰ። የሰዓት ሠሪ ልጅ መሆኑ አይገርመኝም።

ጥበቡ ጉልበት አይጠይቅም። ሕፃኑ ጡት እየጠባ ሳለ ባለሙያው ከውጭኛው ቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት ያለችውን የአጥንት ጉብታ በአውራ ጣቱ ፈልጎ ያገኛል። እሷን ደግፎ፣ በሌላው እጁ የእግሩን ፊት ቀስ እያደረገ ወደ ውጭ ይመልሳል። ተረከዙን አይነካም፤ ከያዘው አጥንቱ ተቆልፎ አልዞርም ይላል። ከሁሉ የሚደንቀኝ የመጀመሪያው ጀሶ ነው። የእግሩ አውራ ጣት ወገን ወደ ላይ ከፍ ተደርጎ ስለሚታሰር እግሩ ጭራሽ የባሰበት ይመስላል። ይህቺም እናት ያኔ ደንግጣ አልቅሳለች። ግን የእግሩ ፊት አስቀድሞ ከኋላው ጋር በአንድ መስመር ካልገጠመ፣ የቀረው አይከተልም።

ጥጡ በስሱ ይጠቀለላል። ጀሶው ጉልበቱ ታጥፎ ከጣት እስከ ብሽሽት ይወጣል። እስኪደርቅ ድረስ የባለሙያው ጣቶች አንድ ቦታ ተጭነው አይቆሙም፤ ይዳስሳሉ፣ ይዘዋወራሉ፤ የቆየ ጣት ጉድጓድ ይተዋል፣ ጉድጓዱም ቆዳ ያቆስላል። ጥሩ ጀሶ ከላይ ሲታይ ተረከዙና ቁርጭምጭሚቱ ይለያሉ። ድቡልቡል ጀሶ ሥራ አይባልም። በየሳምንቱ ይፈታል፣ እግሩ ትንሽ ይመለሳል፣ እንደገና ይታሰራል፤ አምስት ስድስት ጊዜ። በመጨረሻ፣ ለአብዛኞቹ ልጆች፣ የተረከዙ ጅማት በማደንዘዣ በትንሽ ስለት ይቆረጥና እግሩ ሦስት ሳምንት በጀሶ ይቆያል። ጅማቱ በዚያው ረዝሞ ይጋጠማል። "እንጨትም የሚቀናው በእርጥቡ ነው" አለኝ አባቱ፤ አራሽ ነው፣ ሞፈሩን ራሱ ይጠርባል።

በጀሶው ወራት ዝናብ ሲያገኛት እናቲቱ የልጁን እግር በፌስታል ትሸፍን ነበር። ጠዋት ማታ ጣቶቹን ትቆጥራለች፤ ወደ ውስጥ ከገቡ ጀሶው ተንሸራቷል ማለት ነው፣ የሳምንቱን ቀጠሮ ሳትጠብቅ አዝላው ትነሣለች።

ያ ሁሉ ግን አጭሩ ክፍል ነው። ጀሶው ከወጣ በኋላ ጫማው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ሌሊትና ቀን በሚተኛበት ሰዓት፣ አራት ዓመት እስኪሞላው። ከሺህ ሌሊት በላይ ነው። ከተተወ እግሩ ወደነበረበት ይዞራል። ስለ ባለሙያው እጅ የሚጻፈውን ያህል ስለዚህች ሴት እጅ አልተጻፈም፤ እኔ ግን የሁለቱን ሥራ አንድ ሥራ ብዬ ነው ያየሁት። ልጁ ያለቀሰበት ሌሊት አለ፣ እሷ የታመመችበት ሌሊት አለ። ያልታሰረበት ሌሊት ግን የለም፤ ጠይቄ ነበር።

ጠዋት ማሰሪያውን ስትፈታለት ባዶ እግሩን ወደ ደጅ ሮጠ። ሌሊት ዘንቦ ነበር። ጭቃው ላይ የቀኙም የግራውም ተረከዝ እኩል ታትሟል። እሷ ዱካውን ጎንበስ ብላ አየችና ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

አንባቢዬ፣ በሉማሜም ሁን በቢቸና ወይም በሞጣ፣ አራስ ልትጠይቅ ገብተህ የዞረ እግር ካየህ፣ ክርስትና እስኪነሣ አርባ ቀን ይጠበቅ አትበል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንዲያሳዩት ንገራቸው። ልጁ አድጎ ከሆነም ይውሰዱት፤ መራመድ ከጀመሩ በኋላ በዚሁ መንገድ የቀናላቸው ልጆች አሉ።