ሥራ የሌላት ሠራተኛ

በአማርኛ ቋንቋ ከተጻፉት ልብ ወለድ ታሪኮች ቀዳሚ የሆነውን መጽሐፍ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ አሳትመውታል። የመጽሐፉ ባለታሪክ ጦቢያ የጠፋውን ወንድሟን ለመፈለግ ከአባቷ ጋር መንገድ በወጣች ጊዜ የወንድ ልብስ መልበስ አስፈልጓታል። ኋላም ሴትነቷ ተገልጦ ታሪኩ በሠርግ ይፈጸማል። መምህራኖቻችን ይህን መጽሐፍ ሲያስተምሩን ስለ ሃይማኖቱና ስለ ቋንቋው ውበት ብዙ ነግረውናል፤ ደግም አድርገዋል። ነገር ግን ሴት ልጅ ከደጅ ወጥታ ለቤተ ሰቧ የምትደክመው ወንድ መስላ ብቻ እንደ ነበረ፤ ልብሱን በጣለች ጊዜም የመንገዱ ድካም አብሮ ከታሪኩ እንደሚወጣ ያሳየን አልነበረም።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለችው ሰብለ ወንጌል ከጦቢያ ይልቅ የጠለቀች ሰው ናት፤ የልቧ ሐሳብ ተተንትኖ ይታያል። ሆኖም የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ እንደ መሆኗ ጭንቀቷ የዘርና የጋብቻ ጭንቀት ነው እንጂ «ነገ ምን እበላለሁ» የሚል አይደለም። ደራሲው በፊታውራሪውና በገበሬዎቹ መካከል የተነሣውን የግብር ክርክር እንደ ዳኛ መርምረው ጽፈዋል። በዚያው ግቢ ውኃ የሚቀዱትና እህል የሚፈጩት ሴቶች ሸክም ግን፤ እንደ እኔ ንባብ፤ በዚያ ልክ አልተመዘነም። ይህን ማለቴ የታላቁን መጽሐፍ ክብር ለመቀነስ አይደለም። ነቀፌታው ከእርሳቸው ይልቅ ከእርሳቸው በኋላ ብዕር ላነሡት ይገባል።

የነገሩ ሥር ከድርሰት አልፎ ወደ ቋንቋችን ይወርዳል። «ሠራተኛ» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት ሲነገር ደመወዝና ጡረታ ያለውን ሰው ያመለክታል፤ በአዲስ አበባ ቤቶች ሲነገር ግን ወጥ ቤት ያለችውን ልጅ ነው። «የቤት እመቤት» የሚባለውም እንዲሁ ነው። እመቤት ማለት የምታዝ እንጂ የምትታዘዝ አይደለችም፤ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ሊጥ የምታቦካውን ሴት በዚህ ስም መጥራት ግን ማክበር ይሁን መሸንገል እስካሁን ሊገባኝ አልቻለም።

ከመጽሐፍ ቀና ብሎ የየካን ሰፈሮች ላየ ሰው ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ሲወርዱ ብዙዎቻችን አይተናል። ሸክሙ 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ይሆናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በማገዶ እጦት ምክንያት ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደ ነበረና አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት ባሕር ዛፍ እንደሆነ በታሪክ ተምረናል። ዛፉ ግን በራሱ እግር ወደ ምድጃ አልወረደም። ለዛፉ የተሰጠው ምስጋና ከተሸካሚዎቹ አልደረሰም፤ እነርሱን ሠዓሊውና ፎቶ አንሺው ብቻ አስታወሷቸው፤ በፖስት ካርድም ተሸጡ። በሥዕሉ ላይ የፀሐዩ አወራረድ ያምራል፤ የዕለቱ ሸክም በስንት ብር እንደ ተሸጠና ለጥበቃው ምን ያህል እንደ ተከፈለ ግን አይታይም። የእንጦጦ መናፈሻ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ ተራራው የብዙዎች መዝናኛ ሆኗል፤ ለእነርሱ ግን የሥራ ቦታ ነበር።

ይህ አለመቈጠር የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የኖቤልን የኢኮኖሚ ሽልማት የተቀበሉት አሜሪካዊቷ ሊቅ ክላውዲያ ጎልዲን የአገራቸውን የቀድሞ መዛግብት ሲመረምሩ፤ በእርሻና በቤት ውስጥ ሥራ ከባሎቻቸው ጋር ይደክሙ የነበሩ ብዙ ሴቶች ከሥራ መደብ ላይ «ሚስት» ተብለው ብቻ ተጽፈው አግኝተዋል። በዤኔቭ እ.ኤ.አ. በ2013 የተሰበሰቡት የሥራ ስታቲስቲክስ ሊቃውንት ደግሞ «ሥራ» እና «ቅጥር» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለይተው ወሰኑ። ለቤቷ ውኃ የምትቀዳና እንጨት የምትለቅም ሴት ባትከፈልም ሠርታለች ማለት ነው። አንድ ቃል ለማቃናት ይህን ያህል ዘመን ፈጀ።

ሕጋችንም በቃል ላይ ይቆማል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ለሴቶች በሥራና በክፍያ እኩልነትን ሰጥቷል፤ አሠሪና ሠራተኛን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፤ ከወለደች በኋላ 90 ቀን የሚከፈል ፈቃድ ይሰጣል። እንጨት ተሸካሚዋ ግን አሠሪ የላትም፤ ፈቃዱን ከማን ትጠይቅ? በሰው ቤት የተቀጠረችውም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት። እዚያችው ልጅ ባሕር ተሻግራ ለተመሳሳይ ሥራ ስትቀጠር ግን በ923/2008 አዋጅ የተጻፈ ውል ይኖራታል፤ የምትልከውም ሐዋላ ከአገር ገቢ ይቈጠራል። ወጥ ቤቱ ያው ወጥ ቤት ነው፤ የተለወጠው የገንዘቡ ዓይነት ነው።

ከተሸካሚዎቹ አንዳንዶቹ በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን ትተው ሸማኔ ሆነዋል። በልማዳችን ፈትል የሴት፤ ሽመና የወንድ ነበርና እነዚህ ሴቶች መወርወሪያውን ሲይዙ ከተራራው የባሰ ዳገት ወጥተዋል። የሠሩትን ሻርፕ የውጭ አገር ሰው ይገዛዋል። እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ልብ ወለድ ተቀምጦ ጸሐፊውን ይጠብቃል፤ ነገር ግን የሻርፑን ዋጋ፤ የድሩን ወጪ፤ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ሳይጽፍ ስለ እንባዋ ብቻ የሚያወራልን ከሆነ ቢቀርብን ይሻላል።

እኔም ከወቀሳው አላመልጥም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ስሞላ አንዲት እናት ቀርበው፤ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሥራ እንኳ የለኝም ልጄ፤ እንጨት ነው የማወርደው» አሉኝ። እኔም «ሥራ የሌላት» ብዬ ጻፍሁ። በኋላ ቆጭቶኝ ለሌላ እንደ እርሳቸው ላለች ሴት «የማገዶ ነጋዴ» ብዬ ሞላሁ። ቅጹ በሦስተኛው ቀን «የንግድ ፈቃዷ ይያያዝ» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት ተመለሰልኝ።