«ጭነት ማመጣጠን» ወይስ «ፍሰት ማካፈል»?
ስለ ሁለት የኢንተርኔት መስመሮች አሰያየም የቀረበ ሒስ

ባለፈው ዓመት በጋሞ ዞን፣ በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ለሌላ ጥናት ተቀምጠን ሳለ፣ ሁለት የኢንተርኔት መስመሮችን በአንድ ራውተር አገናኝቶ ስለ መጠቀም የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ የአማርኛ መመሪያ ከእጃችን ገባ። መሥሪያ ቤቱ አንዱ በፋይበር ገመድ 20፣ ሌላው በሞባይል ኔትዎርክ 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ የሚያስገኙ ሁለት መስመሮችን ተከራይቷል። መመሪያው ሥራውን «ጭነት ማመጣጠን» ይለዋል። ኀላፊው ይህን አንብበው አንድ ትልቅ ፋይል በ30 ሜጋ ቢት ፍጥነት ይወርዳል ብለው ጠበቁ፤ አልወረደም። ሒሳብ ክፍሉም ክፍያ በሚፈጽምበት ጊዜ ገጹ በየመካከሉ እያስወጣው አስቸገረ። በመጨረሻ ሁለተኛው መስመር ተነቅሎ ተቀመጠ፤ የፋይበሩ ገመድ በተቆረጠ ዕለትም መልሶ የሚሰካው ሰው ስላልነበረ ኪራይ የሚከፈልበት መስመር እያለ ሥራው ቆመ። ጥፋቱ የባለሙያው ነው ተባለ። እኛ ግን ከጥፋቱ ከፊሉ የቃሉ ነው እንላለን።

ጽንሰ ሐሳቡን በአጭሩ እንመልከት። ራውተሩ ከመሥሪያ ቤቱ የሚነሣውን እያንዳንዱን አዲስ ግንኙነት ለአንደኛው ወይም ለሁለተኛው መስመር ይመድባል፤ የመስመሮቹ ዐቅም 20 እና 10 ከሆነ ድርሻው ሁለት ለአንድ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። በአንደኛው መስመር የተጀመረ ግንኙነት ግን በዚያው ይፈጸማል እንጂ በመካከል ወደ ሌላው አይዛወርም። ምክንያቱም እያንዳንዱ መስመር በውጭ የሚታወቅበት የየራሱ አድራሻ ስላለው፣ ከሌላ አድራሻ የመጣውን መልእክት ተቀባዩ የቀድሞው ተከታይ አድርጎ አይቀበለውም። ከዚህም የተነሣ ጥቅሙ የሚታየው ብዙ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ፋይል ሲያወርድ የአንዱን መስመር ፍጥነት ብቻ ያገኛል። ሒሳብ ክፍሉን ያስቸገረውም ይኸው ነው፤ የአንድ ሠራተኛ ተከታታይ ግንኙነቶች በሁለቱ መስመሮች ተበትነው ከሁለት አድራሻ ሲደርሱ ገጹ ሌላ ሰው የገባ ይመስለዋል። የአንድን ኮምፒዩተር ግንኙነቶች ሁሉ ለአንድ መስመር መወሰን ችግሩን ያስወግደው ነበር።

አሁን ወደ ስያሜው እንመለስ። «ማመጣጠን» ለብዙ ሰሚ «እኩል ማድረግ» ቢመስልም መሠረቱ «መጠን» ነውና እንደ ዐቅም መስጠትንም ይገልጻል፤ በዚህ አንከሰውም። ቅሬታችን በ«ጭነት» ላይ ነው። አህያ ጭኖ የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጭነት ሲያጋድል ነጋዴው ቆሞ ከከበደው ጎን አንሥቶ ወደ ቀለለው ያዛውራል። «ጭነት ማመጣጠን» በአማርኛ ሰሚ አእምሮ የሚቀርጸው ሥዕል ይህ ነው፤ ራውተሩ የማይችለውም ይህንኑ ነው። ተርጓሚው ቃል በቃል ታማኝ ሆኖ ሳለ አንባቢውን ወደ ተቃራኒው ትርጉም መርቶታል።

የሚስማማውን ሥዕል ከዚያው ከአርባ ምንጭ ዙሪያ ማግኘት ይቻላል። በኩልፎና በሐሬ ወንዞች ውኃ በሚለሙት የሙዝ እርሻዎች ውኃ በቦይ ይከፋፈላል፤ ሁለት ቦዮች ቢኖሩ ብዙ መደቦች ባንድ ጊዜ ይጠጣሉ እንጂ ከአንዱ ቦይ የሚጠጣው መደብ ውኃው አይፈጥንለትም። ከተማዋ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተቋቋመው የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ በመሆኗም የውኃ ሥራ ቃላት ለመሥሪያ ቤት ሰው እንግዳ አይደሉም። ስለዚህ በበኩላችን «ፍሰት ማካፈል» የሚለውን እናቀርባለን። «ትራፊክ» በአማርኛ ወዲያው መኪናንና የትራፊክ ፖሊስን ስለሚያስታውስ «ፍሰት» ይሻላል፤ «መክፈል» ደግሞ ከገንዘብ ክፍያ ጋር ስለሚጋጭ «ማካፈል» ተመርጧል። ከውኃው መስክ ሁሉም ቃል ይወሰድ ማለታችን ግን አይደለም። ወንዝ መጥለፍ ለመስኖ መልካም ሥራ ቢሆንም፣ በመገናኛ ረገድ «ጠለፋ» የሰውን መልእክት ሰርቆ ማዳመጥ ነውና በመመሪያ ውስጥ ሊገባ አይገባም። የዶርዜን ሸማኔ «ድር» ለመበደር ያሰቡ ባልደረቦችም አሉን፤ ነገር ግን «ድረ ገጽ» ቀድሞ ይዞታል።

ሁለቱን መስመሮች አንድ አድርጎ ለአንድ ፋይልም የ30ውን ፍጥነት የሚያስገኝ ሌላ ዘዴ አለ። ይህ ከመስመሮቹ ባሻገር ማዶም የሚያገጣጥም መሣሪያ የሚፈልግ ሲሆን፣ «መስመር ማጣመር» ቢባልና ከመጀመሪያው ባይደባለቅ ኀላፊው ያልተሸጠላቸውን ነገር ባልጠበቁም ነበር።

አንዱ መስመር ሲቋረጥ ሌላው ሥራውን የሚይዝበትን አሠራር መመሪያው «የውድቀት ሽግግር» ይለዋል። ውድቀት ለመንግሥት፣ ለነጋዴና ለኀጢአተኛ ነው፤ ገመድ ይቋረጣል እንጂ አይወድቅም። «ተተኪ» ያልን እንደ ሆነ የቀድሞው ተመልሶ አይመጣም ማለት ይሆናል፤ እዚህ ግን መስመሩ ሲጠገን ወደ ቦታው ይመለሳል። የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ርክክብ» ሁለቱንም ጉዞ ይይዛል፤ «የመስመር ርክክብ» እንበለው።

«ሁለት መስመር» የሚለው አነጋገርም ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም። ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ እስከጀመረበት ጊዜ ድረስ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጠው አንድ መንግሥታዊ ድርጅት ብቻ ስለ ነበር፣ ሁለት መስመር የተከራየ ሁሉ ሁለቱንም ይቀበል የነበረው ከአንድ እጅ ነው። ዛሬም ቢሆን ሁለቱ ገመዶች በአንድ ቦይ ከተቀበሩ አንድ አካፋ ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል። መመሪያዎች «ባለሁለት መስመር» እና «ባለሁለት ምንጭ» ብለው ቢለዩ ገዢው የሚጠይቀውን ያውቃል፤ በአርባ ምንጭ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም።

«ራውተር» እንዳለ ይቆይ። የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲወጣ ኢንተርኔት ወደ አገራችን ገና መግባቱ ስለ ነበር ከዚያ ፍርድ መጠበቅ አይገባም። ለሚቀጥለው እትም የምናቀርበው ረቂቅ ፍች የሚከተለው ነው፦

ፍሰት ማካፈል፣ ስም፦ ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚነሡ ግንኙነቶችን እንደየዐቅማቸው ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ለሆኑ የኢንተርኔት መስመሮች መመደብ። የአንድን ግንኙነት ፍጥነት አይጨምርም። ከ«መስመር ማጣመር» ጋር አነጻጽር።