በጋራ ቤት ውስጥ የየግል ጓዳ

ዛሬ የማነሳው ነገር የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል፤ በእኔ በመሐንዲሱ ዓይን ግን ጉዳዩ የጋራ ንብረት አያያዝ ነው። በየዩኒቨርሲቲው ክላስተር የሚባል አለ። ብዙ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ተሳስረው፣ አንድ የጋራ የፋይል ማከማቻ ይዘው፣ ተመራማሪው ሁሉ በወረፋ የሚሠራባቸው ናቸው። ለትምህርት ከአገር ቤት የሚመጡ ወጣቶቻችንም የሚፈተኑበት ቦታ ነው።

በክላስተር ላይ የፓይተን ፓኬጅ ለመጫን ብዙው ሰው የሚሮጠው ወደ ኮንዳ ነው። ለኮንዳ የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም። በ2012 ብቅ ሲል የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው ተማሪ የፈለገውን ፓኬጅ በራሱ ፎልደር ውስጥ ያለ ማንም ፈቃድ እንዲጭን አስችሎታል።

ችግሩ የዚህን ነፃነት ዋጋ የሚከፍለው ጎረቤት መሆኑ ነው። አንድ የኮንዳ ኢንቫይሮመንት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ሊይዝ ይችላል። እንደ ላስተር ያሉ የክላስተር የፋይል ሥርዓቶች ደግሞ በተለይ የሚመቹት ለትላልቅ ፋይሎች ነው፤ የእያንዳንዱ ፋይል ስምና አድራሻ የሚጠየቀው ከጥቂት ሰርቨሮች ነውና። መቶ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ተነስተው ፓይተንን ሲጠሩ እነዚያ ሰርቨሮች ይጨናነቃሉ፤ ምንም ያላጠፋ ሰው የፋይሎቹን ዝርዝር ለማየት እንኳ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ማለት ይህ አይደለምን?

ታዲያ መፍትሔው መከልከል ነው? እኔ የማውቀው አንድ ማዕከል በአንድ ኢሜይል ኮንዳን ከለከለ፤ ፓኬጅ እንዲጫንለት የጠየቀ ተማሪ ግን ለሳምንታት መልስ አጣ። ውጤቱም ተማሪው ተደብቆ መጫኑ ሆነ። ከዚህ በተቃራኒ የካናዳው የዲጂታል ምርምር አሊያንስ «አናኮንዳን በክላስተሮቻችን ላይ አትጫኑ» ሲል፣ በምትኩ በሺዎች የሚቆጠሩ የፓይተን ፓኬጆችን ለራሱ ማሽኖች አስማምቶ አቅርቧል። የከለከለ ያቅርብ! መሣሪያ የለም የሚል ሰበብም አይሠራም። ከቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ የወጣው ኢዚቢልድም ሆነ ከአሜሪካው ሎውረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ የወጣው ስፓክ በነፃ ይገኛሉ፤ የአንድን ሶፍትዌር ልዩ ልዩ ቨርዥኖች ጎን ለጎን ለማኖር ያስችላሉ።

ተጠቃሚውም ድርሻ አለው። ቀድሞ ሲንጉላሪቲ ይባል የነበረውና በ2021 ስሙ የተለወጠው አፕቴይነር ኢንቫይሮመንቱን ጠቅልሎ አንድ ፋይል ያደርገዋል፤ የጎረቤትም ሸክም ይቀላል። የፓኬጆቹን ዝርዝር ከነቨርዥናቸው ጽፎ ከምርምር ጽሑፉ ጋር ማስቀመጥም ግዴታ ሊሆን ይገባል። ከሦስት ዓመት በኋላ ባለቤቱ ራሱ ሊደግመው የማይችለው ውጤት ምኑን ሳይንስ ሆነ?

አስተዳዳሪውም ተማሪውም ማከማቻው ሞልቶ ሥራ ከመቆሙ በፊት ይነጋገሩ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ቸር ይግጠመን።