ቁስሉና ፊቱ፦ የአንድ የሕክምና ቤተ መዛግብት ፎቶግራፎች

ፎቶግራፍ በሐኪም እጅ ሲገባ ሥነ ጥበብነቱ ያከትማል የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። በአሜሪካ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በብሔራዊ የጤናና የሕክምና ሙዚየም፣ ኦቲስ በተሰኘው ቤተ መዛግብት የሚገኙት የእርስ በርስ ጦርነት ፎቶግራፎች ግን ይህን አስተሳሰብ ይፈታተኑታል።

የሰሜኑ ጦር የሕክምና አዛዥ ዊልያም ሃመንድ እ.ኤ.አ. በ1862 የሠራዊቱን የሕክምና ሙዚየም ሲያቋቁም፣ ከየሆስፒታሉ የተቆረጠ አጥንትና ከሰውነት የወጣ ጥይት እንዲላክ አዘዘ። በሰሜኑ ጦር ብቻ 30,000 ያህል ጊዜ እጅና እግር ተቆርጧልና የሚላክ አልጠፋም። ካሜራው የተጨመረው ሕይወት ያለውን ቁስለኛ በማሰሮ ማስቀመጥ ስለማይቻል ነው።

ከስብስቡ ልቀው የሚታዩት በዋሽንግተን የሄርዉድ ሆስፒታል ኃላፊ የነበረው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሪድ ቦንቴኩ ያዘጋጃቸው ናቸው። ወታደሩ ልብሱን ገልጦ ቁስሉን ያሳያል፤ በብዙዎቹም ስሙና ክፍለ ጦሩ የተጻፈበት ሰሌዳ ይታያል። በአንዳንዶቹ ላይ ሐኪሙ የጥይቱን ጉዞ በቀይ እርሳስ ቀስት አመልክቷል። ቀስቱ ተመልካቹን ወደ ቁስሉ ይመራል፤ የተመልካቹ ዓይን ግን አይታዘዝም፣ ወደ ወታደሩ ፊት ይመለሳል። የፊቱን እርጋታ ጀግንነት ብቻ አድርጎ የሚተረጉም ይሳሳታል። የዘመኑ የመስተዋት ነጋቲቭ ለሴኮንዶች ያህል ሳይነቃነቁ መቆየትን ያስገድድ ነበር፤ ሕመምተኛም ቢሆን!

ሆኖም ተራው ወታደር፣ አዛዡም ሐኪሙም አንድ ሰው በሆነበት ክፍል ውስጥ፣ አልገለጥም ለማለት ምን ያህል ይችል ነበር? ጄኔራል ዳንኤል ሲክልስ በ1863 በጌቲስበርግ የተቆረጠ የእግሩን አጥንት ራሱ ለሙዚየሙ ልኮ፣ በኋላም እየሄደ ይጎበኘው ነበር። ጄኔራሉ የሰጠው በፈቃዱ ነው። ተራው ወታደር ግን በትእዛዝ ዓለም ውስጥ ይኖር ነበር። በአንጻሩ እነዚሁ ፎቶግራፎች ለጡረታ ጥያቄ ማስረጃ ሆነው አገልግለዋል፤ ስለዚህ ባለ ቁስሉን እንደ ተበዳይ ብቻ መቁጠር ጉዳዩን ማጥበብ ነው።

ከ1870 እስከ 1888 በስድስት መጻሕፍት በታተመው የጦርነቱ የሕክምናና የቀዶ ጥገና ታሪክ ውስጥ፣ ከፎቶግራፎቹ አንዳንዶቹ ወደ ሕትመት ሥዕል ተለውጠው ገብተዋል። ለትምህርት ግልጽ ሆነዋል፤ በልዋጩ ግን ሰውየው ደብዝዟል። ዛሬ በሥነ ጥበብ ስም ቀይዋን መስመርና ሰሌዳውን ቆርጦ ፊቱን ብቻ መስቀልም ያንኑ ጉድለት ከሌላው ወገን መድገም ነው። የሥዕሉ ኃይል ሐኪሙ የጻፈውና ወታደሩ የሚያሳየው በአንድ ወረቀት ላይ መጋጨታቸው ነው፤ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁ ሰዎች ኅትመቱን ከነጽሑፉና ከነእርሳሱ ምልክት ሊያቀርቡት ይገባል።