በአንድ ቁራጭ ዱባ የተነሣ ጠብ፦ የቤተሰብ ኮሜዲን በምን እንመዝነው?

ስለ ተራ ቤተሰብ፣ ስለ ጓደኝነትና ስለ ትንሽ ከተማ ኑሮ የሚያወራ ኮሜዲ ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ንጉሥ አይሞትበት፣ አገር አይፈርስበት። ስለዚህ አብዛኛው ተመልካች “አሳቀኝ” ወይም “አላሳቀኝም” ብሎ ፈርዶ ይወጣል። ይህ መመዘኛ አይበቃም። ስድብም ያሳቃል፤ አዳልጦት የወደቀ ሰውም ያሳቃል። መጠየቅ ያለበት ሳቁ ከየት እንደመጣ ነው። የሳቅነው ገጸ ባሕርይው አንድ ነገር ከልቡ ስለፈለገ ነው? ወይስ ተዋናዩ እኛን ማሳቅ ስለፈለገ?

ይህን ልዩነት ከሁሉ አጥርቶ ያሳየኝ የጣሊያናዊው የካርሎ ጎልዶኒ “የኪዮጃ ጠብ” ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1762 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ውስጥ ነው። ኪዮጃ ከቬኒስ በስተደቡብ የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት፤ ጎልዶኒም በወጣትነቱ እዚያው በወንጀል ችሎት ጽሕፈት ቤት በረዳትነት ሠርቷል። የሰፈር ጠብ በክስ መልክ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

መጋረጃው ሲገለጥ ሴቶቹ ከየደጃፋቸው ተቀምጠው ዳንቴል ይሠራሉ። ወንዶቹ ባሕር ላይ ናቸው። ቶፎሎ የሚባል ጀልባ ቀዛፊ ይመጣና የተጠበሰ ዱባ ገዝቶ ለሉቺየታ አንድ ቁራጭ ይሰጣታል። ሉቺየታ ደግሞ ቲታ ናኔ ለሚባል ዓሣ አጥማጅ የታጨች ናት። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህች ቁራጭ ዱባ ሐሜት ይነሣል፤ ሐሜቱ ባሕር ላይ የዋሉት ወንዶች ጆሮ ይደርሳል፤ ከዚያ ቢላ ይመዘዛል፣ ድንጋይ ይወረወራል፣ ነገሩ ችሎት ይደርሳል።

እንግዲህ ዱባው ሲሰጥ ዓይናችሁን ከሰጪው አንሡና ቼካን ተመልከቱ። ቼካ ባል የምትፈልግ ወጣት ናት፤ ዱባው ወደ ሌላ እጅ ሲሄድ የሚታያት ዱባው አይደለም። ተዋናይዋ ይህን ካመነችበት አዳራሹ ሳቁን መቆጣጠር ያቅተዋል። ቶፎሎ ሆኖ የሚጫወተው ሰው ግን ዱባውን ለተመልካች እያሳየ ካሾፈበት፣ የሚቀጥለው ጠብ ሁሉ ባዶ ጩኸት ይሆናል። ምክንያቱ ትንሽ፣ የሰዎቹ ስሜት ግን እውነተኛ መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ኮሜዲው የለም።

እጅንም ማየት ያስፈልጋል። የኪዮጃ ሴቶች እየተሰዳደቡም ዳንቴሉን አይጥሉትም፤ እንጀራቸው ነውና። በእኛ መድረክ ረከቦቱ ይቀርባል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ለጌጥ ነው፤ ቡናው አይፈላም፣ አይቀዳም፣ ማንም አይጠጣውም። ጎበዝ አዘጋጅ ጀበናውን በጠቡ መሐል ያገነፍለዋል። ስትሳደብ የነበረችው እናት ንግግሯን አቋርጣ ትሮጣለች፤ ተመልሳ ስትመጣ የቱ ላይ እንዳቆመች ይጠፋታል። ያ ሳቅ የሚመጣው ያለ አንድ ቀልድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው መመዘኛ የአነጋገር ነገር ነው። ጎልዶኒ ፎርቱናቶ የሚባል ባለ ጀልባ አለው፤ ቃላቱን እየዋጠ ስለሚናገር ሲሰሙት አይያዝም። ይህ ሰው በርካሽ ደራሲ እጅ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ጎልዶኒ ግን ምስክርነት እንዲሰጥ ችሎት ፊት ያቀርበዋል። ጸሐፊው ኢሲዶሮ ይጠይቃል፣ ፎርቱናቶ ባለው አቅም ሁሉ ይመልሳል፣ ጸሐፊውም አንዲት ቃል መያዝ ያቅተዋል። ሽማግሌው ሐቁን እየተናገረ ነው፤ ባዶ እጁን የቀረው የተማረው ሹም ነው። ሚስቱ ሊቤራ ደግሞ ተራዋ ሲደርስ ጆሮዋ የማይሰማ ትመስላለች፤ ሳቁ አሁንም በሹሙ ላይ እንጂ በእሷ ላይ አይወድቅም።

ይህን ከእኛ የተለመደ ልማድ ጋር ማስተያየት ያሳዝነኛል። ከገጠር የመጣ ዘበኛ ወይም አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሠራተኛ መድረክ ላይ ሲወጣ፣ አፉን ከመክፈቱ አዳራሹ ይስቃል። ሰውዬው ምን እንደፈለገ፣ ምን እንደጎደለው የሚጠይቅ የለም። እንዲህ ያለውን ሥራ ጭብጨባው የቱንም ያህል ቢደምቅ ጥሩ ብዬ አልቀበልም።

ጎልዶኒ የጻፈላቸው ሰዎች ግን አክብሮቱን አውቀውለታል። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ በ1786 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ውስጥ ይህን ተውኔት ሲያይ፣ ሕዝቡ ራሱን መድረክ ላይ በማየቱ የተሰማውን ደስታ በጉዞ ማስታወሻው አስፍሯል። የተዋረደ ሰው እንዲያ አይደሰትም።

ከራሳችን ሥራዎች መካከል በዚህ ሚዛን የሚደፋው የመንግሥቱ ለማ “ያላቻ ጋብቻ” ነው። ባሕሩ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ገጠር ወርዶ ትምህርት ቤት ይከፍታል። ልቡ ግን ከቤት ሠራተኛው ላይ ያርፋል። አክስቱ ወይዘሮ አልጋነሽ ደግሞ ለዘሩ የምትመጥን ሚስት ሊያጋቡት ይመጣሉ። ርእሱ ራሱ ክርክር ነው፤ አቻ የሌለው የትኛው ጋብቻ ነው?

ዝግጅቱን ለመመዘን ባሕሩን ትታችሁ አክስቲቱን ተመልከቱ። ባሕሩ ሐሳቡ ቀና ስለሆነ ተመልካቹ ከመጀመሪያው ያግዘዋል። ወይዘሮ አልጋነሽን ግን የትዕቢት አሻንጉሊት ማድረግ ይቀላል፤ አንገት ማቅናት፣ አፍንጫ መንፋት፣ ኩታ እየወረወሩ መልሶ መልበስ፣ አለቀ። እንዲህ ከተጫወቷቸው ተውኔቱ ስብከት ይሆናል። እኚህ ሴት ያን ሁሉ መንገድ ያስመጣቸው የወንድም ወይም የእኅት ልጅ ፍቅር ጭምር ነው። ስለ ዘር ሲከራከሩ የልጁ ነገር አንጀታቸውን ሲበላው ካየን፣ እንስቅባቸዋለን፣ እናዝንላቸዋለን፣ የራሳችንንም አክስት እናስታውሳለን።

ስለ መብራትና ስለ ቤት ዕቃ ብዙ አልልም፤ ሁለት በርጩማ በቂ ነው። የርዝመት ነገር ግን ችላ አይባልም። ቀልዱ ስለሠራ ብቻ ተደጋግሞ የሚጎተት ትዕይንት፣ አዘጋጁ ተመልካቹን እንደፈራ ያሳብቃል።

ለአዘጋጆቻችን አንድ ልመና አለኝ። “ያላቻ ጋብቻ”ን ደጋግማችሁ ወደ መድረክ መልሱት። ያላችሁን ምርጥ ተዋናይትም ለወይዘሮ አልጋነሽ ስጧት።