አንዱ ሲጎድል

ጥያቄዎችን ለብዙ ሰርቨሮች የሚያከፋፍል ሎድ ባላንሰር ማስነሳት በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ኤንጂንኤክስ በተባለው ሶፍትዌር የሰርቨሮቹን አድራሻ ዘርዝሮ ጥያቄዎችን ወደ እነሱ ለመምራት ጥቂት መስመር ይበቃል። ዋናው ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም፤ ከሰርቨሮቹ አንዱ ሲጎድል ምን ይሆናል? እኔ ማንኛውንም አወቃቀር የምመዝነው በዚህ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ተሸካሚዎቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑስ? ሁለት ሰርቨሮች በሥራ ሰዓት እያንዳንዳቸው 70 በመቶ ከተጫኑ፣ አንዱ ሲወድቅ የቀረው 140 በመቶ ይጫንበታል፤ እሱም ተከትሎ ይወድቃል። ሦስት ሆነው በ60 በመቶ ቢሠሩ ግን የሚቀሩት ሁለቱ 90 ላይ ይደርሳሉ፤ ይጨናነቃሉ እንጂ አይወድቁም። ስለዚህ አቅማቸውን የማሰላው ሁልጊዜ አንዱን ቀንሼ ነው።

ቀጥሎ የአመዳደብ ስልቱ ይመጣል። ኤንጂንኤክስ ሌላ ካልታዘዘ በተራ ያድላል። ጥያቄዎቹ ሲመሳሰሉ ይህ በቂ ነው። አንዱ ገጽ በቅጽበት ተከፍቶ ሌላው ሪፖርት ግማሽ ደቂቃ በሚፈጅበት ሥርዓት ግን ተራው እኩል ቢሆንም ጫናው እኩል አይሆንም፤ ያን ጊዜ ክፍት ግንኙነት ላነሰው ሰርቨር መስጠት ይሻላል። ይህም ስልት ወጥመድ አለው። ዲስኩ ሞልቶ ለመጣው ሁሉ ወዲያው ስህተት የሚመልስ ሰርቨር ሥራ የቀለለው ይመስላል፤ ባላንሰሩም አዲሱን ደንበኛ ሁሉ ወደ እሱ ይነዳል።

ለዚህ ነው ከስልቱ ይልቅ ለጤና ምርመራው ብዙ ጊዜ የምሰጠው። ነጻው ኤንጂንኤክስ የሰርቨርን መታመም የሚያውቀው የደንበኛ ጥያቄ ሲከሽፍ ነው፤ ካልቀየሩት በቀር በ10 ሴኮንድ ውስጥ አንዴ የከሸፈበትን ለ10 ሴኮንድ ያገለዋል። 500 የተባለውን ስህተት ግን በግልጽ ካላዘዙት እንደ ክሽፈት አይቆጥረውም። ሌላው ባላንሰር ኤችኤፕሮክሲ ግን ምርመራ ሲታዘዝ ራሱ በየ2 ሴኮንዱ ይጠይቃል፤ 3 ጊዜ ያልመለሰለትን ያወጣል፣ 2 ጊዜ የመለሰለትን መልሶ ያስገባል። ይሁንና ፖርቱ ክፍት መሆኑ ብቻ ይበቃዋል፤ የአፕሊኬሽኑን ገጽ እንዲጠይቅ ማዘዝ የእኛ ፋንታ ነው። ያ ገጽ የሰርቨሩን የራሱን ጤና ይመርምር። ሁሉም የሚጋሩትን ዳታቤዝ ከመረመረ፣ ዳታቤዙ ለጥቂት ሴኮንድ ሲንገዳገድ ሰርቨሮቹ በሙሉ ባንዴ ይወጣሉ።

ሰርቨር ሲወጣ በእጁ የነበረው ጥያቄስ? ገጽ ማንበብ ከሆነ ለሌላው ቢሰጥ ጉዳት የለውም። ክፍያ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ሰርቨር ገንዘቡን ቀንሶ መልሱን ሳይልክ ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ መድገም ደንበኛን ሁለቴ ሊያስከፍል ነው። ኤንጂንኤክስ ከ1.9.13 ወዲህ አንዴ የተላከን፣ እንደ ክፍያ ያለ መረጃ የሚያስገባ የፖስት ጥያቄ ካልታዘዘ ለሌላ ሰርቨር አያሳልፍም። ስህተት እንዳይታይ ብሎ ይህን ጥበቃ ማንሳት በሰው ገንዘብ መወራረድ ነው።

ሴሽኑን፣ ማለትም የመግቢያ መረጃውን፣ ላለማጣት ብሎ ደንበኛን በአይፒ አድራሻው ከአንድ ሰርቨር ጋር ማሰርም አያዋጣም። በሞባይል ኢንተርኔት እጅግ ብዙ ሰው ጥቂት አድራሻ ስለሚጋራ ጫናው ወደ አንዱ ያጋድላል፤ ያ ሰርቨር ሲወድቅም በእሱ ላይ የገቡት ሁሉ እንደገና የይለፍ ቃል ይጠየቃሉ። ሴሽኑ ሬዲስን በመሰለ የጋራ ማከማቻ ሲቀመጥ ግን የትኛውም ሰርቨር የትኛውንም ደንበኛ ያስተናግዳል። ባላንሰሩም ራሱ ብቸኛ መሆን የለበትም፤ ተጠባባቂ ጓደኛ ይኑረው።

ሥራውን ከማስረከቤ በፊት፣ ባለሙያዎቹ ሁሉ በቦታቸው ባሉበት ቀን፣ አንድ ሰርቨር ሆን ብዬ አጠፋለሁ። በወረቀት ላይ ያማረ ዕቅድ የሚፈተነው ያኔ ነው። የፈተና ውጤቷን የምትጠብቅ ተማሪ ከጀርባ ስንት ሰርቨር እንዳለ አታውቅም፤ ማወቅም የለባትም። አንዱ በጎደለ ጊዜ ውጤቷን ካላየች፣ የሰርቨሮቻችን መብዛት ለእሷ ምንም አልፈየደም።