ከቆዳው በላይ የቀረው ቱቦ

«ዶክተር፣ ፔግ እያለ ሆድ ከፍተን ቱቦ የምንሰፋው ለምንድን ነው?» አለችኝ አንዲት አዲስ ሬዚደንት።

ፔግ፣ ማለትም ጋውደረርና ፖንስኪ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት፣ በኢንዶስኮፕ እየታገዙ የምግብ ቱቦ በሆድ ግድግዳ በኩል ጨጓራ ውስጥ የማስገባት ዘዴ፣ ጥሩ ነው። ግን የምግብ ቧንቧው በካንሰር ተዘግቶ ከአርሲ ወይም ከባሌ የመጣ፣ ምራቁን እንኳ መዋጥ አቅቶት ገርጂ ዘመድ ቤት ያረፈ ሰው፣ ኢንዶስኮፑ በየት ይለፍለት? ቢያልፍም በአፍ የሚጎተተው ቱቦ ዕጢውን ታክኮ የካንሰር ሕዋስ ወደ ሆድ ግድግዳ ሊያወርድ ይችላል። እምብዛም አይደርስም፤ ግን ደርሶ ያውቃል። ስታም እ.ኤ.አ. በ1894 ያሳየው፣ ሆድ ከፍቶ ቱቦ የመስፋት ዘዴ ለዚህ ሰው ዛሬም ይሠራል።

እኔን የሚያሟግተኝ ግን ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚገባው የሽንት ፎሊ ካቴተር ነው፤ ከውስጥ የሚይዘው ጫፉ ላይ የሚነፋ ባሉን ነው፣ ከውጭ የሚይዘው ማቆሚያ ግን የለውም። ቱቦውን ከቆዳው ጋር ያሰረው ክር ሲላላ ጨጓራ ባሉኑን እንደ ጉርሻ ቁልቁል ይገፋዋል። የጨጓራው መውጫ፣ ፓይሎረስ፣ ላይ ደርሶ ይደፍነዋል፤ አልፎ ከወረደ የቆሽትን መውጫ ተጭኖ ቆሽት ያስቆጣበት ጊዜም አለ። የፔግ ጣጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የውጭ ማቆሚያው ሲጠብቅ የውስጡ ማቆሚያ የጨጓራውን ግድግዳ እየበላ ይቀበራል። የፔግ የውጭ ማቆሚያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይላላ የምለው ለዚህ ነው።

ፎሊ የገባለት ታማሚ አስታወከ ሲባል ሬዚደንቶቹ አልትራሳውንድ ይጽፋሉ። እኔ ብርድ ልብሱን ገልጬ ቱቦው ላይ፣ ከቆዳው አጠገብ፣ በማይለቅ እስክሪብቶ የተሰመረችውን መስመር እፈልጋለሁ። ወደ ውስጥ ከገባች ባሉኑን አጉድሎ ወደ ቦታው መሳብ፣ መልሶ መሙላት፣ ማሰር ነው። ቱቦው ጨርሶ ከወጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀዳዳው ሳይጠና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጭፍን መልሶ መክተትና መመገብ፣ አጥሚቱን ከጨጓራ ውጭ ማፍሰስ ሊሆን ይችላል።

መስመሯን በየቀኑ የሚያያት ደግሞ ሐኪም አይደለም፤ አጥሚት አቅጥና አጥልላ በስሪንጅ የምታጠጣው ልጅ ወይም ሚስት ናት። አንዷ ደውላ «ዶክተር፣ መስመሯ ጠፋችብኝ» ስትለኝ አባቷ ገና ማስታወክ አልጀመሩም ነበር። ድሮ የምኮራው በስፌቴ ነበር፤ አሁን እንደዚያ ያለ ስልክ ሲደወልልኝ ነው። ለቤተሰቡም ሌላ ነገር እጨምራለሁ፦ ምሳ ሲቀርብ ታማሚውን ጓዳ አታስቀሩት፣ ከማዕዱ አጠገብ አጥሚቱን በቱቦው ስጡት።

አስታማሚዋ መስመሯን በጣቷ ካላሳየችኝ ታማሚ አላስወጣም። አልጋ ጠበበ ብለው የሚቆጡኝ አሉ፤ ይቆጡ።